«እኛ አልተገዛንም»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነቀምት፣ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። ከጎኔ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የህንዳዊ መምህራቸውን እንግሊዝኛ እያስመሰሉ ይስቃሉ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ፈገግ አልኩ። ኋላ ግን አላስቻለኝም።

«ልጆች፣ ህንዶች እንግሊዝኛን ከየት ያመጡት ይመስላችኋል?»

«ተገዝተው ነዋ ጋሼ! እኛ አልተገዛንም» አለኝ ዋናው አስመሳይ። ታሪኩ በዚሁ አለቀ።

አልተገዛንም፤ እውነት ነው፤ ደም ተከፍሎበታል። ቅሬታዬ እውነቱን ትራስ ስላደረግነው ነው። ተንተርሰነው ተኝተናል። የሌላው መገዛት አይመለከተንም ብለን የጎረቤትን ለቅሶ እንደማይሰማ ሰው ሆነናል።

ለመሆኑ እንግሊዝ ህንድን እንዴት ያዘ? (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጀመሪያ በ1600 የተቋቋመ የነጋዴዎች ኩባንያ መጣ። ነጋዴው በ1757 ቤንጋልን አሸነፈ፤ ግብር ሰብሳቢም ሆነ። በ1858 ዘውዱ አገሩን ከኩባንያው ተረከበ። ጨው እንኳ በመንግሥት እጅ ገባ፤ ህንዳዊ ከገዛ ባሕሩ ጨው ቢያነሳ ወንጀለኛ ነው። ጋንዲ በ1930 ሃያ አራት ቀን በእግሩ ተጉዞ ከባሕሩ ዳር ጨው ያነሳው ለዚህ ነው። በአሞሌ ሲገበያይ የኖረ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ወለጋስ? በ1902 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ዳር፣ ጋምቤላ ላይ፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ ተሰጠ። የቆይታው ልክ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ ነበር። የወለጋና የኢሉባቦር ቡና ወደ ጣቢያው ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቅ ይወጣል። ነገሩ የተዘጋው ሱዳን ነጻ በወጣች ጊዜ፣ በ1956 ነው። ቅኝ ግዛት ነበር አልልም። እንግዳው እዚህም የመጣው ሱቅ ይዞ መሆኑን ግን ልብ በሉልኝ።

በ1936 ደግሞ ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ፣ የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች የእንግሊዝ ሞግዚትነት እንዲሰጣቸው ለመንግሥታት ማኅበር ጻፉ። እንግሊዝ አልተቀበለም። ይህን ታሪክ አንዱ ለስድብ ያነሳዋል፤ ሌላው ይደብቀዋል፤ ቁጭ ብሎ የሚመረምረው ጥቂት ነው። እኔ አልፈርድባቸውም፤ በር ላይ የቆመው መርዝ ጋዝ የሚረጭ ጦር ነበር። ግን ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል? አምሪትሳር ላይ የእንግሊዝ መኮንን መሣሪያ ያልያዘ ሕዝብ ካስረሸነ ገና 17 ዓመቱ ነው። የሞቱት በራሱ በመንግሥቱ ቆጠራ 379፣ በህንዶች ግምት ከሺህ በላይ ናቸው። ያን ጊዜ ነቀምት ውስጥ አንድ ህንዳዊ መምህር ኖሮ ቢጠይቁት፣ የሚነግራቸው ብዙ ነበር።

አሁን መምህሩ አለ፤ ጠያቂ ጠፋ። ሳቃችንስ በማን መስፈሪያ ነው? በለንደን! የተገዛው ሰው ቋንቋውን ወስዶ እንደ አፉ አድርጎ ይናገረዋል፤ ያልተገዛነው እኛ የጌታውን አነጋገር ዘብ ቆመን እንጠብቃለን።

ስወቅስ ራሴን አላስቀርም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ሼክስፒርን ደጋግሜ አስተማርኩ፤ አንድ የህንድ ደራሲ ግን ክፍል ይዤ አልገባሁም። ለልጆቹ የሻዩን ሂሳብ ከፈልኩና፣ «ነገ መምህሩን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ አያትዎ በ1947፣ ነጻነት የታወጀ ዕለት፣ የት ነበሩ በሉት» አልኳቸው።

አስመሳዩ አልሳቀም። ይጠይቅ አይጠይቅ ግን አላውቅም።