የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን መልክ በባለ ቀለም እርሳስ ስለ መቅዳት

ጀርመናዊው ሠዓሊ ማርቲን በርናትዝ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1841 ዓመት ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከዊሊያም ሃሪስ ጋራ በአሊዩ አምባ በኩል ወደ አንኮበር ወጥቶ፥ የሸዋውን ንጉሥ የሣህለ ሥላሴን መልክ ሣለ። ይህን ሥዕል በባለ ቀለም እርሳስ ሊቀዳ የሚወድ ወጣት ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል።

አንደኛው የእርሳሱ ጠባይ ነው። የዘይት ቀለም የበታቹን ስሕተት ይሸፍናል፤ እርሳስ ግን አይሸፍንም። ብርሃኑ የወረቀቱ ንጣት ስለ ሆነ፥ ከፈዛዛው ወደ ደማቁ በትዕግሥት መደራረብ ይገባል። ለጠይም ፊትም ጥቍር ብቻ አይበቃም፤ ቡናማውን ከቀይና ከሰማያዊ ጋራ ማዋሐድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ፈተና ይከብዳል። የንጉሡ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ልማድ ጻድቅ በሁለት ዓይን፥ ኃጥእ ግን በጎን ፊት ባንድ ዓይን ይሣላል። ስለዚህ ቀጂው ንጉሡን ያከበረ መስሎት ሁለቱን ዓይኖች አስተካክሎ ሊያበራቸው ይወድ ይሆናል። ነገር ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ያ የጎን ፊት የግብር ምልክት ነው፤ የታመመ ዓይን የሰውየው መልክ ነው። ምልክትንና መልክን ያልለየ ሠዓሊ፥ እጁ ምንም ቢያምር፥ ሣህለ ሥላሴን አልሣለም።