የጠፈር አድሚራሎች በቴሌቪዥን ድርሰት

በቴሌቪዥን የሚቀርቡትን የሳይንስ ልብ ወለድ ድርሰቶች ለረጅም ጊዜ የተከታተለ ሰው አንድ ልማድ ሳያስተውል አይቀርም። የመርከቡ ካፒቴን ብልኅና ርኅሩኅ ሲሆን፣ ከእርሱ በላይ ያለው አድሚራል ግን ግትር ወይም ተንኰለኛ ሆኖ ይታያል። ይህ ልማድ ከምን እንደ መጣና ምን ዋጋ እንዳለው ከዚህ ቀጥለን እንመለከታለን።

ምክንያቱ ሥውር አይደለም። ካፒቴኑ በጠላት ሲፈተን የሚፈተነው ጉልበቱ ነው፤ በአለቃው ሲፈተን ግን የሚፈተነው ኅሊናው ነው። ስለዚህ ደራሲው ክፉ አለቃ ይፈልጋል። ነገር ግን ክፉ ለመሆን ብቻ የተፈጠረ አለቃ ለተመልካቹ ንቀትን ያስተምረዋል እንጂ ማስተዋልን አይሰጠውም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. «ስታር ትሬክ» በተባለው የአሜሪካ ድርሰት የቀረበው ኮሞዶር ዴከር ከዚህ ነቀፋ የዳነ ነው። ሕይወታቸውን ለማትረፍ ሲል የመርከቡን ሰዎች ወደ አንዲት ፕላኔት ካወረዳቸው በኋላ፣ ያችን ፕላኔት አጥፊው መሣሪያ ደመሰሳት። ከዚህ ወዲያ የሌላውን መርከብ አዛዥነት ነጥቆ ወደ ሞት የሚነዳው ከኀዘን የተነሣ ነው። ሥራውን እንነቅፋለን፤ ለሰውዬው ግን እናዝንለታለን።

በ1996 ዓ.ም. በ«ዲፕ ስፔስ ናይን» የታየው አድሚራል ሌይተን ይበልጥ ያሳስበናል። ምድርን ከጠላት አድናለሁ ብሎ የምድርን የኤሌክትሪክ ኀይል በስውር አስቋረጠ፤ በዚህም ፍርሃት ምክንያት ወታደር በየመንገዱ እንዲቆም አደረገ። እርሱ ግን ራሱን እንደ ታማኝ አገልጋይ ይቈጥራል። ኀይሉ የሚያልቀው የገዛ ካፒቴኑ የወገንን መርከብ አላጠፋም ስትል ነው። የአለቃ ሥልጣን በታዛዡ እጅ ላይ የቆመ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ትዕይንት አናውቅም። ይሁን እንጂ አድሚራሉ ሥልጣኑን ሲለቅ ታሪኩ ቶሎ ይዘጋል፤ ትእዛዙን ያለ ጥያቄ የፈጸሙት ሰዎች ነገር በቂ መልስ አላገኘም።

ይህን ጉድለት «ባትልስታር ጋላክቲካ» በመጠኑ አርሞታል። በ2005 ዓ.ም. የቀረበችው አድሚራል ኬን ትእዛዟን አልቀበልም ያለውን ምክትሏን ተኩሳ የገደለች፣ የሲቪሎችንም መርከቦች የገፈፈች ናት። ከፊቷ የቆመው አዳማም ንጹሕ አይደለም፤ ፕሬዚዳንቷን በወታደር አሳስሮ ነበርና። እርሱ ግን የሚቃወመውን ሰምቶ ስሕተቱን አውቋል፤ ፕሬዚዳንቷንም ወደ ሥልጣኗ መልሷታል።

እንግዲህ በእነዚህ ድርሰቶች ደጉን አለቃ ከክፉው የሚለየው ጠባዩ ብቻ አይደለም፤ «አይሆንም» የሚለው ሰው በአጠገቡ በሕይወት መኖሩ ነው። አድሚራሉን በክፋቱ ብቻ ሥሎ የሚያልፍ ደራሲ ተመልካቹን ያስደስተው ይሆናል፤ ያን ተቃዋሚ ሰው የሚያሳየን ደራሲ ግን ቁም ነገር ያስተምረናል ብለን እናምናለን።