ሶር የሌለበት ካርታ
(ስለ ሕፃናት የጂኦግራፊና የተፈጥሮ መጻሕፍት)

በአገራችን ለሕፃናት የሚታተሙት መጻሕፍት በብዛት ተረት ናቸው። ይህ በራሱ ነቀፋ አይደለም፤ ተረት የቋንቋም የማኅበራዊ ኑሮም የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ነውና። ስለ ምድር፣ ስለ አሳሾችና ስለ ተፈጥሮ የተጻፉት ግን ጥቂት ከመሆናቸውም በላይ፣ አብዛኞቹ ወይ ከባዕድ ቋንቋ የተመለሱ ወይ ከመማሪያ መጽሐፍ ተቀንጭበው ሥዕል የተጨመረባቸው ናቸው። በአብዮቱ ዘመን የሞስኮው ፕሮግሬስ ማተሚያ ቤት በአማርኛ ያወጣቸው የነበሩት መጻሕፍት በዋጋ ርካሽ ነበሩ። በረዶውና ድቡ የእኛ ባይሆንም፣ ዕውቀትን ከጨዋታ ጋር የማዋሐድ ሙያቸው የሚካድ አይደለም። ጉድለቱ የኛ ነው፤ ያን ሙያ ወደ ራሳችን ወንዝና ደን ያዞረ ደራሲ በበቂ አላፈራንም። ነገሩ ከመቱና ከጎሬ ልጅ አኳያ ሲመረመር ይበልጥ ይጎላል።

የአሰሳ ታሪክ ለልጆች ሲነገር ዘወትር የሚጠቀሰው የዓባይ ምንጭ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ግሽ ደረሰ፤ ፔድሮ ፓኤዝ ከእርሱ በፊት በ1610 ዓ.ም. ደርሶ ነበር። ሁለቱም ሲደርሱ ምንጩን የሚያከብር ሕዝብ በዙሪያው ይኖር ስለ ነበር፣ «አገኘ» የሚለው ቃል ለሕፃን አእምሮ የማይገባ መሆኑ ብዙ ጊዜ ተብሏል፤ ልክም ነው። ያልተባለው ግን ሌላ ነው። እርማቱ ራሱ ግሽ ላይ ይቆማል። የመቱ ልጅ አሁንም የሌላ አገር ወንዝ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

ሶር በመቱ አጠገብ ይፈስሳል። ከከተማው ብዙም ሳይርቅ በደን መካከል ፏፏቴ ሆኖ ይወርድና ከገባ ወንዝ ይቀላቀላል፤ ገባና ብርብር ተገናኝተው ባሮ ይባላሉ። ባሮ ጋምቤላን አልፎ ከፒቦር ሲገናኝ ስሙ ሶባት ይሆናል፣ ሶባት ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል፣ ያም ካርቱም ላይ ከግሽ የመጣውን ውሃ ያገኘዋል። ከነጭ ዓባይ ጋር ግብፅ ከሚደርሰው ውሃ ከአሥር እጅ አንዱን የሚበልጠው በዚህ በሶባት በኩል የሚያልፍ ነው። እንግዲህ ለአንድ መጽሐፍ የሚሆን ጉዞ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ስሙን አራት ጊዜ የሚለውጥ ወንዝ ለልጅ ከዚህ የተሻለ ምን እንቆቅልሽ አለ? በመንገዱ ላይ የጎሬ ቡና በበቅሎ እየተጫነ ወደ ጋምቤላ ይወርድበት የነበረው ቁልቁለት አለ፤ ባሮ ሲሞላ ብቻ ከካርቱም ይመጣ የነበረው የእንፋሎት መርከብም አለ። መርከቧ ለምን ክረምትን ትጠብቅ እንደ ነበረ ያስረዳ ደራሲ የወንዝን ጠባይ ከነምክንያቱ አስተማረ ማለት ነው።

አሳሾችም አልጠፉም። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ቡላቶቪች በ1889 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ ባሮ ተጉዞ መጽሐፍ ጽፏል። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ደጃዝማች ተሰማ ናደው ከጎሬ ያንቀሳቀሱት ጦር ክፍል፣ ማርሻን ፋሾዳ ከመድረሱ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ፣ በሰኔ ወር ሶባት ከነጭ ዓባይ እስከሚገናኝበት ድረስ ዘለቀ። ሆኖም ብሩስን አንሥቶ ተሰማን በቦታው መትከል ያው አሮጌው ዘዴ ነው። ዘመቻው የግዛት ዘመቻ ነበር፤ በወባም ብዙ ሰው ረግፎበታል። ልጅ ይህን ቢሰማ አይጎዳም። መንገዱን ያሳየውና ስንቁን የተሸከመው ያገሬው ሰው ካልታየበት ግን መጽሐፉ ግማሽ ነው።

ስለ ተፈጥሮ የተጻፈውስ? ጦጣ በተረታችን ብልጥ ናት፣ ዳኛም ትሆናለች። በያዮ ደን የሚዘለው ጉሬዛ ግን በቅጠል እንደሚኖር፣ የእጁም አውራ ጣት ጉልህ እንዳልሆነና ይህም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ለመወንጨፍ እንደሚስማማው የሚነግረን የልጆች መጽሐፍ ብርቅ ነው። ወቅቶችም እንዲሁ ናቸው። ክረምት በሰኔ ገብቶ በመስከረም ይወጣል ተብሎ ይጻፋል፤ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚወርድበት በጎሬ ግን ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ነው። ልጁ ወይ መጽሐፉን ወይ ዓይኑን መጠራጠር ይኖርበታል፤ ብዙውን ጊዜ ዓይኑን ይጠራጠራል፣ ፈተናው ከመጽሐፉ ነውና። ቡናን ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «አራቢካ» ብሎ የሰየመው ከዐረብ ምድር የመጣ መስሎት ነበር። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዮ ደን ሥር ዘርቶ የበቀለውን ጫካ ቡና እያየ ለሚያድግ ልጅ፣ የሊቅ ስሕተት ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው የሚያሳይ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

ዕውቀቱ ጠፍቶ አይደለም። የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ብሔራዊው አትላስ በ1988 ታትመዋል፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ፣ ሁለቱም ለአዋቂ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ የመቱ ልጅ በመጀመሪያ ደረጃ የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ የተባለው መጽሐፍ በአማርኛ ተጽፎ ኋላ ይተርጎም ማለት አያዋጣም። ወንዙና ዛፉ ስማቸውን ያገኙት በዚያ ቋንቋ ነውና ከዚያ ይጀምር፤ የአማርኛው ቅጅ ለጎንደሩና ለአዲስ አበባው ልጅ ይድረስ።

ለሠዓሊዎች አንድ ነገር ይቀራል። በልጆች መጽሐፍ የሚታየው የኢትዮጵያ ካርታ ምዕራቡን በአንድ አረንጓዴ ቀለም ሸፍኖ፣ አንበሳ ወይም ዝሆን አስቀምጦበት ያልፋል። በዚያ አረንጓዴ ላይ ሶር፣ ገባ፣ ብርብርና ባሮ በአራት ቀጫጭን ሰማያዊ መስመሮች ሊሣሉ ይችላሉ፤ መቱና ጎሬም በሁለት ነጥብ።