ያልታወቀው ረሃብ፦ ለማን ያልታወቀ?

ከሜራን፣ ጄኔቭ

ባለፈው ወር ዙሪክ በአንድ ወዳጄ ቤት ተሰብስበን ስለ 1966ቱ አብዮት ስንጨዋወት፣ ክርክሩ እንደተለመደው ወደ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም አመራ። አንዱ “ንጉሡን የጣለው ያ እንግሊዛዊ ነው” አለ። ሌላው “የለም፣ ወሎን ያዳነ ነው” ሲል መለሰለት። በባቡር ወደ ቤቴ ስመለስ ሁለቱም ያጋነኑ መሰለኝ።

ለመሆኑ ሰውየው ምን ሠራ? ዲምብልቢ የታዋቂው የቢቢሲ ጋዜጠኛ የሪቻርድ ዲምብልቢ ልጅ ነው። ገና በ29 ዓመቱ ለቴምዝ ቴሌቪዥን የሠራው “ያልታወቀው ረሃብ” ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ታየ። የፊልሙ ትልቁ ብርታት ቁጥብነቱ ነው። ካሜራው አይጣደፍም፤ ተራኪው አይጮህም፤ መንግሥትን አይከስም። ተመልካቹ የወሎን ሰው ፊት ለፊት ያያል። እርዳታውም በገፍ ጎረፈ። ይሁንና ፊልሙ የደረሰው ብዙው ሕዝብ ካለቀ በኋላ ነበር።

ይህ ጸሐፊ የሚጣላው ከርእሱ ጋር ነው። ለማን ያልታወቀ? ገበሬው ያውቀው ነበር። ባለሥልጣኑም ያውቅ ነበር። ከዲምብልቢ በፊት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን የመሳሰሉ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አሳይተዋል። የእኛ ሰው ሲናገር ያልተሰማው፣ ለንደን ላይ ሲታይ “ታወቀ” ተባለ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም።

ፊልሙ ንጉሡን ጣለ ለሚሉትም መልስ አለ። በጥር ወር ነገሌ ቦረና ላይ ያመፁት ወታደሮች፣ በየካቲት ሥራ ያቆሙት መምህራንና የታክሲ ነጂዎች የየራሳቸው ብሶት ነበራቸው። ደርግ ፊልሙን ያወጣው መጨረሻ ላይ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው። በወሎ ሬሳ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል ተቀጠለበት። በማግስቱ ከዙፋን ወረዱ። ዲምብልቢ እርዱ ብሎ የሠራው ልመና በመቀስ የፍርድ ቤት ክስ ሆነ። ምስሎቹ ሁሉ እውነት ነበሩ፤ ፍርዱን የሰጠው ግን ቅጥያው ነው።

ክሱ ሐሰት ነበር ማለቴ አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚሁ በጄኔቭ የሕዝባቸውን ስቃይ ለዓለም ያሰሙ ንጉሥ፣ በስተርጅና የራሳቸው ሹማምንት ረሃብ ሲደብቁ ዝም ማለታቸው ያሳዝናል። ነገር ግን መቀሱን የያዘውስ? በመስከረም 1977 ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በድግስና በሰልፍ ሲያከብር ወሎና ትግራይ እንደገና ይራቡ ነበር። ያን ድግስና ያን ረሃብ ቀጥሎ በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን የሚያሳይ ማን ነበር? ማንም። በጥቅምት የማይክል በርክና የሞሐመድ አሚን ፊልም ከቆረም እስኪመጣ ዓለም አላየም። እንደገና ባዕድ ነገረን።

ውድ አንባቢያን፣ ዲምብልቢ የጋዜጠኛ ድርሻውን ተወጥቷል፤ ልናመሰግነው ይገባል። የጎደለው የእኛው ድርሻ ነው። ዛሬ መቀሱ በየኪሳችን፣ በየስልካችን አለ። የጠላታችንን ግብዣ ከሬሳ ጋር መቀጠል ለሁላችንም ቀላል ነው። የወዳጃችንን ግብዣ የሚቀጥል ከመካከላችን ስንት ሰው አለ?

ቸር ይግጠመን።