የቅኔ ቤትና የሥራ ትምህርት

ስለ ትምህርት ክርክር በተነሣ ቁጥር «የቤተ ክህነት ትምህርት ቃልን ከማጥናት በቀር ሥራን አያውቅም፤ ሥራን ያመጣልን ዘመናዊው ትምህርት ነው» ሲባል እንሰማለን። ይህ ፍርድ ስለ ንባብ ቤት ቢነገር ጥቂት እውነት ይኖረው ይሆናል፤ ለቅኔ ቤት ግን ፈጽሞ የሚስማማ አይደለም።

የቅኔ ተማሪ ግሥና አገባብ ይማራል። ይህ ሕጉ ነው። ነገር ግን ሕጉ ተፈጽሞ እስኪያልቅ ድረስ ሥራው አይጠብቅም። ተማሪው ጥቂት ግሥ እንደ ያዘ 2 ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና መቁጠር ይጀምራል፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ 8 ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ብቻውን ተቀምጦ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምና ወርቁ ያልተገጣጠመውን፣ አገባቡ የተሳሳተውን፣ ቤቱ ያልመታውን ያርምለታል። የሌላውን ቅኔ ቢደግም ዋጋ የለውም፤ የራሱን ማምጣት አለበት። ጎንጅ፣ ዋሸራና ዋድላ በስልት ቢለያዩም በዚህ አንድ ናቸው።

የኛን ትምህርት ከዚህ ጋር እናስተያየው። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ጧት ስለ አፈርና ስለ ተክል ከመጽሐፍ እንጽፍ፣ ከሰዓት በኋላ አትክልት ቦታውን እንቆፍር ነበር። መጽሐፉም ዶማውም መልካም ነበሩ፤ ሁለቱን የሚያስተዋውቅ ግን አልነበረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የዩኒቨርስቲ አገልግሎትም ተማሪው ዲግሪውን ሳይቀበል አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲሠራ፣ ይልቁንም እንዲያስተምር ያደረገ ታላቅ ሐሳብ ነበረ። ይሁን እንጂ ለሥራው አንድ ዓመት ለብቻው ለየለት። የቅኔ ቤት ግን ሕጉንና ሥራውን በአንድ ቀን ያውላቸዋል።

የቅኔን ቤት ያለ ነቀፌታ ማመስገን ግን ትችት አይሆንም። ተማሪው ጎጆውን በእጁ ይሠራል፤ መምህሩ ግን ቅኔውን እንጂ የጎጆውን አሠራር አያርምም። ሥራው በቃል ተወስኖ ቀረ። የሀገሩም ልማድ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን የሚንቅ ነበረ፤ ከዚህም የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደረሱ። እንግዲህ በቅኔ ቤት የጐደለው የማስተማሪያው ዘዴ ሳይሆን ለእጅ ሥራ የሚሰጠው ክብር ነው።

ስለዚህ ሥራን ወደ ትምህርት ለማስገባት የምንፈልግ ሁሉ ዘዴውን ከሩቅ ብቻ መዋስ የለብንም። ሕግ በተማሩበት ዕለት ሥራ ሊሠሩበት፣ ሥራውም በመምህር ፊት ቀርቦ ሊታረም ይገባል። ይህ ሥርዐት ወደ ላቦራቶሪው፣ ወደ እርሻውና ወደ አናጢው ቤት ቢገባ፣ ፈተናችንም ይለወጥ ነበር። ዛሬ ፈተናው ያጠናነውን ይጠይቀናል፤ የቅኔ መምህር ግን የሚጠይቀው የሠሩትን ነው።