የምልክት ትርጕም በዝርዝር አይገኝም፦ የዲትሮይቷ ጥቁር ማርያምና የጎጃም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ቅዱሳት ታሪኮችን የሚያነበው ከመቅደስ ግድግዳ ነው። ይህ ልማድ ተማሪዎች የምልክትን ጠባይ እንዲረዱ መልካም መነሻ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ የሥዕል ትርጕም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በዝርዝር መልክ ነው፤ «ነጭ ንጽሕና፣ ቀይ ሰማዕትነት፣ ጥቁር ኃጢአት» ተብሎ በሰሌዳ ይጻፋል፤ ተማሪውም ገልብጦ በቃሉ ያጠናል። የዚህ አሠራር ጕድለት ሁለት ሥዕሎችን በማነጻጸር ሊታይ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1967 በትንሣኤ በዓል፣ በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ፣ ፓስተር አልበርት ክሌጅ በሚመሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ሠዓሊው ግላንተን ዳውዴል የሣላት ጥቁር ማርያም ጥቁር ሕፃን ታቅፋ ለምእመናን ታየች። ሥዕሉ የተሰቀለው የእንግሊዝ ሰፋሪዎችን ወደ አሜሪካ መምጣት የሚያሳይ ባለቀለም መስተዋት በነበረበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ትርጕሙ በመልኳ ብቻ ሳይሆን በቦታዋም ጭምር ነው። የባሮች ዘሮች ለብዙ ዘመን የጌቶቻቸውን መልክ በያዘ ሥዕል ፊት ከጸለዩ በኋላ፣ የእናቶቻቸውን ፊት በመቅደሱ አዩ። ይህን ሥዕል በሰሌዳው ዝርዝር የሚተረጕም ተማሪ ክብር የተባለውን ኃጢአት ብሎ ያነበዋል።

በአንጻሩ፣ «የእኛም ማርያም ጠይም ናት፤ ስለዚህ የአባቶቻችን ዓላማ ያው ነበር» ማለት ሌላ ስሕተት ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በአገራችን የተስፋፋው የ«ምስለ ፍቁር ወልዳ» አሣሣል አብነቱ በሮም የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል ነው። የጎጃም ሠዓሊ መልኩን የነፈገው ጌታ ስላልነበረ፣ በመልክ ቀለም መልስ መስጠት አላስፈለገውም። ደጉንና ክፉውን የሚለየው በአብዛኛው በዓይን ነው፤ በዘጌ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ሲታዩ፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ።

ሰይጣን በእኛም ሥዕል ጥቁር ሆኖ መሣሉ ሊሸሸግ አይገባም። ነገር ግን መምህሩ ይህ የጨለማ ምልክት እንጂ በሰው ቆዳ ላይ የተሰጠ ፍርድ አለመሆኑን ካላስረዳ፣ ከክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ፊቱ የጠቈረው ልጅ ዝርዝሩን ስለ ራሱ የተጻፈ አድርጎ ይወስደዋል። የጓደኞቹም ዓይን ወደ እርሱ ይዞራል።

ስለሆነም በመምህሩ መምሪያ ውስጥ የምልክቶች ዝርዝር በሦስት ጥያቄዎች ቢተካ ተገቢ ነው፦ ሥዕሉን ማን ሣለው? ለማን ሣለው? የተሰቀለውስ በምን ቦታ ነው? ጥያቄዎቹን በአቅራቢያው ባለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ የተለማመደ ተማሪ፣ የዲትሮይቷን ማርያም ለማንበብ ሌላ ዝርዝር አያስፈልገውም።