አወያዩ ደጅ ሲወጣ

የእኛን አገር ስብሰባ የሚያውቅ ሰው ሥርዓቱንም ያውቀዋል። ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል። የክብር እንግዳው የመክፈቻ ንግግር ያደርጋሉ፤ ንግግሩ እንዳለቀ አስቸኳይ ሥራ ኖሮባቸው ይሄዳሉ። ቀጥሎ ጽሑፍ ይቀርባል። ከዚያ "መድረኩ ክፍት ነው" ይባላል። አምስት ሰው እጁን ያወጣል፣ የአምስቱም ጥያቄ ይመዘገባል፣ መድረክ መሪው አምስቱንም ባንድ ላይ ጠቅልሎ ይመልሳል። ጠያቂው ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው አያናግርም፤ ሁሉም የሚናገረው ወደ ፊት፣ ወደ ጠረጴዛው ነው። መጨረሻ ላይ "ሰፊ ውይይት ተካሂዷል" ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። እኔ የምለው፣ ማን ከማን ጋር ተወያየ?

ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። እኔም ከጠረጴዛው ወዲያ ከቆሙት አንዱ ነበርኩ።

በ1999 ዓ.ም አንድ ድርጅት ቀጥሮኝ ወደ ምዕራብ ሸዋ እመላለስ ነበር፤ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር። የሥራ መጠሪያዬ "አመቻች" ነው። የማመቻቸው የሴቶች የራስ አገዝ ቡድኖችን ነበር። አሠራሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ ከህንድ በተቀሰመ ልምድ በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በኩል ያኔ ናዝሬት እንላት በነበረችው በአዳማ በጥቂት ቡድኖች ተጀመረ። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ችግረኛ ሴቶች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፤ ጥቂት ሳንቲም ይቆጥባሉ፤ ከቆጠቡት ይበዳደራሉ። ደንቡን ራሳቸው ያወጣሉ። ሰብሳቢነቱ በዙር ነው። ከውጭ የሚሰጣቸው ገንዘብ የለም። አመቻቹ መጀመሪያ አጠገባቸው ይሆናል፣ እያደር ይርቃል፣ በመጨረሻ ይሄዳል። የተሳካለት መሆኑ የሚታወቀው እሱ ሳይኖር ሥራው ሲቀጥል ነው። ሥልጠናው ላይ ስሰማው በጣም ቀላል መስሎኝ ነበር።

እናላችሁ፣ አንድ ቀን ጉደር አካባቢ ከአሥራ ሰባት ሴቶች ጋር ተቀምጫለሁ። የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ነጭ ወረቀት ለጥፌአለሁ፣ በእጄ ማርከር ይዣለሁ። እነሱ የሚናገሩት በኦሮምኛ፣ እኔ በአማርኛ፤ መሀላችን አንድ ወጣት አስተርጓሚ አለ። የዕለቱ ጉዳይ ከባድ ነበር። ከአባላቱ አንዷ ሽንኩርት ለመነገድ 150 ብር ተበድራለች። ባሏ ታሞ ገንዘቡ ለሕክምና ሄደ። ስድስት ሳምንት ሙሉ አልከፈለችም። ራሳቸው ባወጡት ደንብ መሠረት አራት ሳምንት ያሳለፈች ትቀጣለች፣ ካልከፈለች ከቡድኑ ትወጣለች።

እኔ ምን አደረግሁ? ደንቡን ከወረቀቱ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩ። "ደንብ ደንብ ነው፤ ዛሬ ለአንዷ ከተጣሰ ነገ ለሁሉም ይጣሳል" አልኩ። ሐሳብ ካላችሁም ተናገሩ ብዬ ጠየቅሁ። ዝም አሉ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። የቀሩት እኔን ያያሉ። ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት። ማርከሬን ከፍቼ "ውሳኔ" የሚለውን ቃል ከነስርዙ ጻፍኩ።

ይኼኔ ሾፌራችን መጣ። ጎማ ተንፍሷል፣ ክሪኩን የሚይዝለት ሰው ፈልጓል። እኔም አስተርጓሚውም ወጣን። ስንመለስ አርባ ደቂቃ ሆኗል። በሩ ጋ ስንደርስ ውስጥ ጫጫታ ነው። አንዷ ትናገራለች፣ ሌላዋ ታቋርጣታለች፣ ይስቃሉ፣ ደግሞ ይቆጣሉ። አስተርጓሚው ሊገባ ሲል ያዝኩት። "ምን እያሉ ነው?" አልኩት። አንዷ "ገንዘቡ የእኔም ላብ ነው፣ ዝም ብዬ አልተውም" እያለች ትሟገታለች። ሌላዋ ትመልስላታለች። በመጨረሻ ተስማሙ። ቅጣቱ ይቅር፤ ግን ዕዳው አይቀርም። ሁለት ጎረቤቶቿ ዋስ ይሆናሉ። ባሏን የምታስታምምበትን ጊዜ ለመተካት ደግሞ በየገበያው ቀን ሁለት ሁለት እየሆኑ ሽንኩርቷን ይሸጡላታል፤ ትርፉ ለዕዳዋ ይገባል። የተቃወመችዋም ሴት ብሩን ራሷ ልትቆጥር ሆነ፤ ለጥርጣሬዋም ቦታ ተገኘለት።

ከእኔ ነጭ ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ አይወጣም ነበር። ዋስ መሆን የሚችለው ማን እንደሆነ አላውቅም። የገበያው ቀን መቼ እንደሆነ እንኳ በደንብ አላውቅም። እነሱ ግን ያውቃሉ።

በሩን ገፍቼ ስገባ ሁሉም ባንዴ ዝም አሉ። ምን ልበላችሁ፣ ያ ዝምታ አንጀቴን ነው የበላው። ቅድም ስምምነት ነው ያልኩት ዝምታ እኮ እኔው ይዤው የገባሁት ነበር! ትልቋ እናት አዩኝና "ልጄ፣ ጨርሰናል፤ ቁጭ በልና ቡናህን ጠጣ" አሉኝ።

ለነገሩ በዚህ መገረም የነበረብኝ እኔ አይደለሁም። በዚያ አገር ጂጊ የሚባል አለ፣ ደቦ ማለት ነው። ጂጊ የጠራ ሰው ምግቡንና ጠላውን ያዘጋጃል፤ ማን ከየት ጀምሮ ይጨድ የሚል አስተባባሪ ግን ከዞን አይላክም። ዕቁባችን ዳኛ እንጂ አሠልጣኝ የለውም። የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማእከል ኦዳ ቢሲልም በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ እንዲተላለፍ ያደርጋል። መሪው ሲገባ የሚወጣበትን ጊዜ ያውቃል፤ ተረካቢውም እሱ ሳይወርድ ሲዘጋጅ ይቆያል። "ወደ ኋላ ማለት" ብለን በሥልጠና የምንማረውን አባቶች በዓመት ቆጥረው አስቀምጠውታል።

ታዲያ ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ስብሰባ ላይ ለምን አፉን ይይዛል? ስለለመደ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ መሬቱን ራሱ እንዲያከፋፍል፣ ክርክሩንም ራሱ እንዲዳኝ ፈቅዶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ ኮታ መሰብሰቢያና ወታደር መመልመያ ሆነ። በ2000ዎቹ ዓ.ም "የልማት ቡድን" እና "አንድ ለአምስት" መጣ። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር መደጋገፉ ምን ክፋት አለው? ክፋት የለውም። ግን የሚወያዩበት ጉዳይ ከላይ ሲወርድና ሪፖርቱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ሰው መናገር የሚጀምረው ስብሰባው ሲበተን፣ መንገድ ላይ ነው።

ፈረንጆቹም ይኼው ደርሶባቸዋል። ሃሪሰን ኦወን የሚባል አሜሪካዊ አንድ ትልቅ ጉባኤ ለማሰናዳት አንድ ዓመት ደክሞ፣ ተሳታፊዎቹ በጣም የወደዱት የቡና ዕረፍቱን ሆኖ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1985 ወንበሩን ክብ አድርጎ፣ አጀንዳውን ለተሰብሳቢው ትቶ ሌላ ዓይነት ጉባኤ ጀመረ። ከቡና የተማረው እሱ ነው፤ ቡናው ግን የእኛ ነው። እኛ ቡናውን ለዕረፍት ሰዓት ትተን ከጠረጴዛው ጋር ቀረን።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። አወያይ ሁሉ ተነሥቶ ይውጣ እያልኩ አይደለም። ባዶ የተተወ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ድምፁ የጎላው ይይዘዋል። ሀብታሙ ብቻ የሚናገርበት ዕድር አለ። ሴት የማትጠራበት የሽማግሌ ሸንጎ አለ። ከእኔ ቡድኖች በአንደኛው ማንበብ የምትችለው ጸሐፊዋ ብቻ ነበረች። ያኔ ብወጣ ኖሮ ቡድኑ የእሷ ይሆን ነበር። ስለዚህ ከመውጣት በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። መዝገቡን የሚያነቡ ሌሎች ሁለት ሴቶች እስኪገኙ ቆየሁ። ብሩ በሁሉም ፊት ጮክ ተብሎ እንዲቆጠር ተስማሙ። ዝም ያለች ሴት ተራዋ ሳይደርስ ውሳኔ እንዳይዘጋ የሚል ደንብም አወጡ፤ ይህን ያመጣሁት እኔ ሳልሆን እነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ መቆየት ሥልጣን መውደድ ነው።

እውነቱን ለመናገር ደግሞ መውጣት የሚጎዳው አመቻቹን ነው። እስካለሁ ድረስ ደመወዝ አለኝ፣ አበል አለኝ፣ ለሪፖርት የሚሆን ፎቶግራፍ አለኝ። ከወጣሁ "ቡድኑ ያለ እኔ እየሠራ ነው" የሚል አንድ መስመር ብቻ ይቀረኛል። ለዚህ መስመር የደመወዝ ጭማሪ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት እስካሁን አላየሁም። "ሕዝቡ ገና አልበቃም" የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የእኛን እንጀራ መጠበቂያ ነው።

ጉደር ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። መንገድ ላይ ዘግይቼ ደረስኩ። እየጠበቁኝ መሆኑን አስቤ በየደቂቃው ሰዓቴን አይ ነበር። ስደርስ ስብሰባው ተጋምሷል። ግድግዳው ላይ ወረቀት የለም። ማንም አልተነሣልኝም፣ ማንም ዝም አላለም። በሩ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ሴት ንግግሯን ሳታቋርጥ ትንሽ ጠጋ አለችልኝና አግዳሚውን በእጇ መታ መታ አደረገችው።

መጀመሪያ ትንሽ ከፋኝ። ከዚያ ተቀመጥኩ።